ቻቱ ተቆልፏል፣ ስልኩ ግን የቤተሰብ ነው

ነገሩ ኦንላይን ላይ የተደረገ የድሬዎች ውይይት ነው። ክሩን፣ ማለትም ጥያቄና መልሱ የተደረደረበትን ገጽ፣ የከፈተው ራሱን የከዚራ ልጅ ብሎ ያስተዋወቀ ሰው ነው። በየአፑ ላይ መልእክታችሁ ተመስጥሯል፣ ከሁለታችሁ ሌላ የሚያነበው የለም የሚል ማሳወቂያ እናያለን። ታዲያ ድሬ ላይ የአንዱ ቻት የሌላው የበርጫ ወሬ የሚሆነው በየት በኩል ነው? ጥያቄው ይህ ነበር። ማለቂያው ላይ ደግሞ አንድ ነገር ጣል አደረገ። ድሮ ደብዳቤ በስንት እጅ ተላልፎም ሚስጥር ነበር፣ ዛሬ በአንድ ጣት ተልኮም ሚስጥር የለም የሚል። ክሩን ያሞቀችው ይህቺ መጨረሻ ናት።

እኔም መሀል ላይ ገብቼበታለሁ። መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ ልንገራችሁ። ከርዕሱ የወጣውን በብዛት እዘለዋለሁ።

መልስ 1 ከሳቢያን ነው። ጥያቄውን አመሰገነ፣ እሱንም ሲከነክነው እንደኖረ ተናገረ፣ የትኛው አፕ ይሻላል ብሎ ጠይቆ ወጣ።

መልስ 2 እርማት ይዞ መጣ። ጨዋ እርማት ነው። ሁሉም አፕ እኩል አይቆልፍም አለ። ቴሌግራም ላይ ተራው ቻት መንገድ ላይ ሳለ ይመሰጠራል፤ ሰርቨሩ፣ ማለትም የካምፓኒው ኮምፒውተር ላይ ግን ካምፓኒው ሊከፍተው በሚችል መልክ ነው የሚቀመጠው። አዲስ ስልክ ገዝተን ስንገባ የድሮው ቻት በሙሉ ተዘርግፎ የሚመጣልንም ለዚሁ ነው። ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው የሚያደርገው ሴክሬት ቻት የሚባለው ብቻ ነው። እሱም ሆን ብለህ ካልከፈትከው አይከፈትም። ግሩፕና ቻናል ላይ ጭራሽ የለም። እኛ ደግሞ የእድሩንም፣ የትምህርት ቤቱንም፣ የቤት ኪራዩንም ጉዳይ የምንጨርሰው ግሩፕ ላይ ነው።

መልስ 3 የኮምፒውተር መምህር ነው። መምህርነቱ ከርዝመቱ ያስታውቃል። ድሮ ሚስጥራዊ መልእክት ለመላላክ መጀመሪያ ቁልፉን ራሱን በታመነ ሰው እጅ መላክ ግድ ነበር። 1976 እ.ኤ.አ. ዲፊና ሄልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህን ቀየሩት። ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ሳያውቁ፣ መሀል ላይ ሰው እየሰማቸው፣ የጋራ ሚስጥራዊ ቁልፍ መፍጠር እንደሚችሉ አሳዩ። 1991 ላይ ፊል ዚመርማን ፒጂፒ የሚባለውን መልእክት መመስጠሪያ ፕሮግራም ለተራው ሰው በነፃ ለቀቀው፤ የአሜሪካ መንግሥትም ለዓመታት በወንጀል መረመረው። ያኔ ጠንካራ ምስጠራ ወደ ውጭ ሲላክ እንደ ጦር መሣሪያ ይታይ ነበርና። ዋትሳፕ ደግሞ በሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ሲግናል የሚባለውን የመልእክት አፕ የምስጠራ ስልት ወስዶ ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ አበራው። አንድ ቢሊዮን ገደማ ሰው ምንም ሳይነካ፣ ምንም ሳያውቅ ተቆለፈለት። መምህሩ አንድ መፈተሻም ጨመረ። የምታወራውን ሰው ስም ነክተህ ኢንክሪፕሽን የሚለውን ስትከፍት 60 አሃዝ ይወጣል። ሁለታችሁ ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ መሀል የገባ የለም።

እውነት ለመናገር ይህን ቁጥር ሲያስተያይ ያየሁት ሰው የለም።

መልስ 4 ነገሩን ገለበጠው። ታይዋን ገበያ ስልክ የሚጠግን ልጅ ነው። ስለ 60 አሃዝ ሲወራ ሳቅ እንዳፈነው ጻፈ። ስክሪን የተሰበረበት ደንበኛ ሲመጣ ፒኑን በስክሪፕቶ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ወረቀቱ ስልኩ ጀርባ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። ፓተርን ከሆነ ዘጠኝ ነጥብ ይሳልና መስመሩ ይሰመርበታል፤ መነሻው እንዳይጠፋ እዚያ ላይ ክብ ይደረጋል። መሳቢያ ሙሉ ስልክ እንዲህ ተለጥፎበት ተደርድሯል። ስክሪኑ ከተቀየረ በኋላ ተቹ፣ ካሜራው፣ ማይኩ፣ ስፒከሩ መፈተሽ አለበት፤ ስለዚህ ስልኩ መከፈት አለበት። ባለቤቱ በገዛ እጁ ከፍቶ ከሰጠ በኋላ የዲፊም የሄልማንም ሂሳብ ምን ያደርጋል? ልጁ የሚለው ይህን ነው። ለእኔ ከመልሶቹ ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ እሱ ነው።

መልስ 5 ግን ለሳቅ አልመጣችም። የቅርብ ዘመዷ ለቻርጅ ፖርት ብላ ስልኳን አንድ ሱቅ ትታ ሄደች። ከሳምንታት በኋላ ሴቶች ብቻ የነበሩበት የሰርግ ዝግጅት ፎቶዎች ሰው ስልክ ላይ ታዩ። ሻሽ የወለቀበት፣ የተጨፈረበት ፎቶ ነው። ሱቁን በስም አልጠራችም። ጥያቄዋ ግን ቀጥ ያለ ነበር። ቻርጅ ፖርት ለመቀየር ፒን ለምን ይጠየቃል? እንዲህ ያለ ነገር በደረሰበት ከተማ መሳቢያውን እያሳዩ መሳቅ ነውር ነው ብላ ዘጋች።

መልስ 6 ላይ ጠጋኙ ተመለሰ። በመጀመሪያ ከፋው፤ የአንዱን ጥፋት ለሁሉም አታድሉ አለ። ቆይቶ ግን የሚጠቅም ነገር ተናገረ። ለቻርጅ ፖርት ፒን እንደማያስፈልግ አመነ፤ ሰክቶ መሙላቱን ማየት ይበቃል። ሳምሰንግ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሜንተናንስ ሞድ የሚባል ነገር አምጥቷል፤ ሲበራ ፎቶውም፣ መልእክቱም፣ አካውንቱም ይሰወራል፣ ጠጋኙ ባዶ ስልክ ነው የሚያየው። የጎግል ፒክስል ላይም ተመሳሳይ አለ። ያ የሌለው ስልክ ከሆነ ሲሙንና ሚሞሪውን አውጥቶ መያዝ፣ ከተቻለም እዚያው ቁጭ ብሎ ማሠራት። ሰው ግን አይቀመጥም አለ፤ ቀን ሱቁ ምድጃ ነው፣ ሁሉም ትቶ ይሄዳል።

መልስ 7 መልስ 5ን ደግፎ ሁለት መስመር ሰደበ። እሱን ልተወው።

መልስ 8 ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው። ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የመለሰላቸው። ክሩን የከፈተውን ልጅ ቀስ አድርገው አረሙት። ያ ዘመን እንደሚያስበው የሚስጥር ዘመን አልነበረም። የዚህ አገር የስልክ መስመር ሥራ የተጀመረው 1894 እ.ኤ.አ. ሐረርን ከአዲስ አበባ በማገናኘት ነው፣ 477 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ጀምሮ ለብዙ ዘመን መሀል ላይ የሚያገናኝ ሰው ነበር፤ የሚያገናኝ ሰው ደግሞ መስማት ይችላል። እሳቸው በወጣትነታቸው ጅቡቲ ለመደወል ቴሌ ቢሮ ሄደው፣ ተመዝግበው፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ስምህ ይጠራል፣ የካቢን ቁጥር ይነገርሃል። መስመሩ ስለማይሰማ ትጮሃለህ። የገንዘቡ ነገር፣ የሚስት ነገር፣ የበሽታ ነገር፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ እኩል ይሰማል። ደብዳቤም ቢሆን ጽፎ የሚሰጥህ ሌላ፣ መጥቶም የሚያነብልህ የጎረቤት ተማሪ ነበር።

ልዩነቱን እንዲህ አስቀመጡት። ያኔ የሰማ ሰው ቢበዛ ሰፈሩን ያዳርሳል፣ ሲያወራም ይጨምርበታል፣ ይቀንስበታል፤ አልሰማሁም አልተባለም ብሎ መካድ ይቻላል። ዛሬ ስክሪንሾት አለ። ሰዓቱ ጭምር ተጽፎበት። ከመጋላ ተነስቶ ሚኒሶታ ይደርሳል፣ ከዓመት በኋላም ተመልሶ ይመጣል። ምስጠራ ከሰሚ አዳነን፣ ከቅጂ ግን አላዳነንም ማለታቸው ነው።

ከ9 እስከ 13 ያሉት መልሶች ባቡር ላይ ተሳፍረው ሄዱ። አንዱ የድሮውን ፉርጎ አነሳ፣ ሌላው የከዚራን ጥላ። መልስ 11 ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው በድሬ መሆኑን አስታውሶ ሁለተኛ ሲም በመያዝ አገሩን ሁሉ ቀድመናል ብሎ ፎከረ። መልስ 13 ጭራሽ ስለ ማንጎ ነው።

መልስ 14 ከሐረር ገባ፣ ድሬን ሳይነካ አላለፈም። ድሬ ላይ ሚስጥር የማይኖረው በስልክ ምክንያት አይደለም፣ በቋንቋ ነው አለ። ሌላ ቦታ ሁለት ሰው ሌላው እንዳይሰማ ቋንቋ ይቀይራል። ድሬ ላይ ወደ ሶማሊኛ ብትሄድ የባጃጁ ሹፌር ይከተልሃል፣ ወደ ኦሮምኛ ብትዞር ጫት ሻጯ ትስቃለች፣ ወደ አማርኛ ብትመለስ ሕፃኑም ይሰማል። ስለ ምስጠራው ግን ቁም ነገር አለው። የጀጎል ግንብ አምስት በር ነበረው፣ ማታ ማታ ይዘጋል። የውጭ ሰው አይገባም። ግንቡ ውስጥ ግን ግቢው የጋራ ነው፤ ማን ምን በላ፣ ማን ተጣላ፣ ሁሉም ያውቃል። አፑም ለእሱ እንደዚያ ነው።

መልስ 15 የእኔ ነው። ከዚሁ ተነስቼ የጻፍኩት የሚከተለውን ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ የሚባለው ስሌት በየጫፉ አንድ ሰው አለ ብሎ ነው የሚነሳው። እኛ ጋ ጫፉ ላይ ያለው ቤተሰብ ነው። ማታ ልጅ ጌም ይጫወትበታል። ጎረቤት ካርድ አልቆባት ትደውልበታለች። በርጫ ላይ ቪዲዮ ለማየት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ከላይ መልእክት ብቅ ሲል ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል። ስልኩን የቆለፈ ባል ወይም የቆለፈች ሚስት ደግሞ ምን ልትደብቅ ነው ተብለው ይጠረጠራሉ። አንድ ስልክ ለአንድ ሰው ብሎ አፑን የሠራው መሐንዲስ ይህን አያውቅም። እኛም በመሐንዲሱ ሂሳብ ተማምነን የማይጻፍ እንጽፋለን። ድሮ የማንናገረውን አሁን እንጽፈዋለን፤ ተቆልፏል ስለተባልን።

መልስ 16 የገንደ ቆሬ ልጅ ናት፣ የራሷን አመጣች። የሥራ ማመልከቻዋን ለማተም አንድ የኮፒ ቤት ገብታ ዋትሳፗን ከሱቁ ኮምፒውተር ጋር ኪውአር ኮዱን ስካን አድርጋ አገናኘችው። ወረቀቷን ተቀብላ ከፍላ ወጣች። ሎግአውት ማድረግ ማን ያስታውሳል? የነቃችው ሌላ ቀን ስታልፍ የሱቁ ልጅ ኢንተርቪው እንዴት ነበር ብሎ ሲጠይቃት ነው። ለማንም አልነገረችም ነበር፣ ለእህቷ በቻት ካልሆነ። አሁን አካውንቷ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች የሚዘረዝረውን ሊንክድ ዲቫይስስ የሚለውን በየጊዜው ትከፍታለች፤ ቴሌግራም ላይም ዲቫይስስ ገብታ የማታውቀውን ሁሉ ታባርራለች። ይህን አንብበው ስንቶች ወዲያው ስልካቸውን እንደከፈቱ ከምላሹ ብዛት ገመትኩ።

መልስ 17 የሕግ ባለሙያ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም እንደሚጠብቅ አስታወሰ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ በሕግ አግባብ ብቻ እንዲጠቀምበት ያስገድዳል። ጠጋኙም የኮፒ ቤቱም ልጅ የሰው መልእክት ለማንበብ ምንም መብት የላቸውም ብሎ ቋጨ።

መልስ 18 ላይ ጨዋነቱ አለቀ። ወረቀት አታንብብልን የሚል መንፈስ ነበረው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡ አንቀጹ የት ነበር ብሎ ጠየቀ። ያኔ ሁሉም ቪፒኤን፣ ማለትም ኢንተርኔቱን በሌላ ሰርቨር አዙሮ ገደብ የሚያሳልፍ አፕ፣ አውርዶ ራሱን እንዳዳነም ጨመረ። ሕግ አዋቂው ገደቡና የመልእክት ሚስጥራዊነት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው ብሎ መለሰ። ልክ ነው፤ ግን የተናደደን ሰው አያበርድም።

መልስ 20 በዚያው ቪፒኤኑን ያዘ። ያ በነፃ የወረደው አፕ ባለቤቱ ማን ነው? ሰርቨር ኪራይ አለው፣ ሠራተኛ አለው፣ ካንተ ካልወሰደ ከማን ይወስዳል? መምህሩ መልስ 21 ላይ ተመልሶ አስታረቃቸው። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ ኤችቲቲፒኤስ በሚባለው የተመሰጠረ መንገድ ስለሚሠራ ቪፒኤኑ የጻፍከውን የይለፍ ቃል አያይም፤ የት የት እንደገባህ ግን ያያል። ቪፒኤን እምነትህን ከቴሌኮሙ ወደማታውቀው ሰው ያዛውረዋል እንጂ አያስቀረውም።

መልስ 22 የሚጠበቀው ሰው ነው። የሚደብቀው የሌለው ምን ያስፈራዋል አለ።

መልስ 23 የመለሰችለት ክሩ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ስለታም በሆነ ቃል ነው። ቀፊራ ጨርቅ ገዝታ በስልክ ከፈለች። ሻጩ ጋ ሙሉ ስሟና ቁጥሯ ቀረ። ማታ ሰላም ነው የሚል መልእክት መጣ። ዘጋችው፤ በሌላ ቁጥር መጣ። ቁጥሯን በቴሌግራም ፈልጎ ፎቶዋን አገኘ፣ ቀጥሎ ሰፈሯን ጠየቃት። ድሮ ጥሬ ብር ሰጥታ ስትወጣ ማንም ስሟን አያውቅም ነበር። የምትደብቀው ምንድን ነው? ስሟን። ወንድሜ አንተ ሱቅ ገብተህ ከፍለህ ስትወጣ ማንም አይከተልህም ብላ ነው የዘጋችው። መልስ 22 አልተመለሰም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ስለ ግላዊነት ስናወራ ቶሎ ብለን ወደ መንግሥትና ወደ ትልልቅ ካምፓኒ እንሄዳለን። ክሩ ላይ የተጎዱት ሴቶች የተጎዱት ግን በሱቅ ልጅ ነው።

መልስ 24 ለእሷ መላ አመጣ። ቴሌግራም ላይ ፕራይቬሲ ገብቶ ፎን ነምበር የሚለውን ኖባዲ ማድረግ፤ ያን ጊዜ ከሥሩ በቁጥሬ ማን ያግኘኝ የሚል ይመጣል፣ እሱን ማይ ኮንታክትስ ማድረግ። የፕሮፋይል ፎቶውንም እንዲሁ። በዚሁ ላይ ደግሞ ልጄ ውድድር ላይ ነው፣ ድምፅ ስጡልኝ የሚል ሊንክ ሲመጣና ኮድ ሲጠየቅ ኮዱን አለመስጠት፤ ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ማብራት። ስንቱ አካውንቱን ያጣው በዚህች ኮድ ነው።

መልስ 25 ፔጋሰስን አመጣ። 2019 እ.ኤ.አ. የእስራኤሉ ኤንኤስኦ የሠራው ይህ የስለላ ፕሮግራም በዋትሳፕ ጥሪ በኩል 1,400 ገደማ ስልኮች ላይ መነጣጠሩን ዋትሳፕ ራሱ ከስሶ አጋልጧል። ምስጠራው አልተሰበረም። ስልኩ ውስጥ ገብቶ አንተ የምታየውን አብሮህ ማየት ነው። ጠጋኙ ከሥር አንዲት የሳቅ ምልክት ለጠፈ፤ ቀድሜ ተናግሬያለሁ ለማለት።

መልስ 27 ስለ ባክአፕ፣ ማለትም ስለ መጠባበቂያ ቅጂ ነው፤ አጭርና ጠቃሚ። የዋትሳፕ ቻት ጎግል ድራይቭ ላይ ሲቀመጥ ባክአፑን ራስህ ካላስመሰጠርከው ከጫፍ እስከ ጫፍ አይመሰጠርም። ማስመስጠሪያው ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ግን ቻቱም ጠፋ። ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ የሚለውም በምስጠራ አይሸፈንም። ጋሼ እዚህ ላይ ገብተው ድሬ ላይ ሰው የሚያማው በዚያው ነው፣ ምን አለ ሳይሆን ማን ጋ ሄደ በሚለው ነው አሉ።

መልስ 28 ያገለገለ ስልክ የሚሸጥ ነው። አስተዳዳሪው አጠፋው።

ከዚያ ክሩን የከፈተው ልጅ ተመለሰ። ጋሼን አመስግኖ፣ የመልስ 16ን ምክር ሰምቶ ቴሌግራም ላይ ዲቫይስስ ከፈተ። ድሮ ታይዋን የሸጠው ስልክ አሁንም ተመዝግቦ አገኘው። ከዚህ በፊት የጻፈው ሁሉ እዚያ ይታይ እንደነበር ሲገባው ላብ አጠመቀው። ሲሸጥ ሲሙን ብቻ ነበር ያወጣው።

መልስ 30 ላይ ጠጋኙ ምስጠራን የሚከላከል ሰው ሆኖ መጣ። ከጎግል አካውንት ወጥቶ ፋክተሪ ሪሴት ማድረግ፣ ማለትም ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር፣ ይበቃ ነበር አለ። አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ ይዞ የወጣ ስልክ ውስጡ ራሱ የተመሰጠረ ነው፤ ሪሴት ሲደረግ ቁልፉ ይጠፋል፣ የቀረው ዳታ ለማንም የማይነበብ ቆሻሻ ይሆናል። የጠፋ ፎቶ መልሱልኝ ብለው ለሚመጡ ደንበኞች የሚነግራቸው ይህንኑ ነው፤ እነሱ ይናደዳሉ።

መልስ 31 አዲስ ሰው ነው። ስልኩ ምን ዓይነት እንደነበር፣ ጀርባው ላይ ስንጥቅ እንዳለበትና በየትኛው ሱቅ እንደተሸጠ ጠየቀ። እሱ የገዛው ያገለገለ ስልክ ላይ የሌላ ሰው ቴሌግራም ክፍት ሆኖ እንዳገኘ ጻፈ፤ ደንግጦ ዘጋሁት ይላል እንጂ ምን ያህል እንዳነበበ አልተናገረም። የከዚራው ልጅ ኦንላይን እንዳለ ይታያል። እስካሁን አልመለሰለትም።